ጡረታ ለወጣ የመንግሥት ሠራተኛ የመድኃኒት ወጪ፦ መድን ይሻላል፣ ከኪስ ወይስ መጠበቅ? (ደሴና ኮምቦልቻ)

የመምህሩ ልጅ፣ ደሴ ሆጤ

ጤና ይስጥልኝ፣ ሰላም ለሁላችሁ።

አባቴ መምህር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ደሴና ዙሪያዋ ሲያስተምር ኖሮ በዚህ ሰኔ 60 ሞልቶት ጡረታ ይወጣል። ግፊትና ስኳር አለበት። ጠዋት ለግፊቱ አምሎዲፒን፣ ጠዋትና ማታ ለስኳሩ ሜትፎርሚን፣ ከመኝታ በፊት ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን ይወስዳል። እናቴ የቤት እመቤት ናት። ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት ስላለባት የዓይን ጠብታዋ ለአንድ ቀንም መቋረጥ የለበትም።

እስካሁን ደመወዙ እየተብቃቃ አድርሶናል። ከሰኔ በኋላ ግን አበሉ ብቻ ነው። ቤተሰቡ ተቀምጦ ሲመክር ሦስት ሐሳብ ተነሣ። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እንግባ ያለ አለ። ለመንግሥት ሠራተኛ ይመጣል የሚባለውን ማህበራዊ ጤና መድን እንጠብቅ ያለም አለ። ታናሽ እህቴ ደግሞ ጅዳ ናት፤ "ግዴላችሁም እኔ ከዚህ እልካለሁ" ትላለች።

አባቴ "ማህበረሰብ አቀፉ የገበሬ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም" ባይ ነው። ጎረቤታችን ደግሞ "ከፍለህ ስትሄድ መድኃኒት የለም ነው የሚሉህ" ብሎ አስፈራራው። እኔ መሐል ቆሜያለሁ። የሞከራችሁት፣ ያያችሁት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። በተለይ የመድኃኒቱን ነገር። ካርዱና ምርመራው ያን ያህል አልከበደንም። ወገባችንን የሚያጎብጠው በየወሩ የሚገዛው ክኒን ነው።

ጡረተኛው ከሸዋ በር

ልጄ፣ አባትህን እንኳን ለዚህ አበቃው በልልኝ። መምህር ጡረታ ሲወጣ ከተማው ሁሉ ሊመርቀው ይገባል።

እኔ ግብርና ቢሮ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ስለ ሕጉ የማውቀውን ልንገርህ። የማህበራዊ ጤና መድን አዋጁ ቁጥር 690/2002 ነው። ደንቡ ደግሞ ቁጥር 271/2005። በሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ከደመወዙ 3 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪውም 3 በመቶ። ጡረተኛ ከአበሉ 1 በመቶ፣ መንግሥት 1 በመቶ ይጨምርለታል። አበልህ 6,000 ብር ቢሆን በወር 60 ብር ማለት ነው። የትዳር ጓደኛንና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችንም ያቅፋል። በወረቀት ላይ ለእኛ ለጡረተኞች ከዚህ የተሻለ የለም።

ችግሩ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ በተደጋጋሚ ሲራዘም መኖሩ ነው። እኔ ሥራ ላይ እያለሁ "ዘንድሮ ይጀመራል" ሲባል ሰማሁ። ጡረታ ወጥቼም እሰማለሁ። ሲመጣ እሰየው፣ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እኔ ነኝ። የአባትህ ግፊት ግን አዋጅ አይጠብቅም። ስለዚህ "መጠበቅ" የምትሉትን ከምርጫ አውጡት። ቢመጣ ትገቡበታላችሁ፣ እስኪመጣ ግን ሌላ መንገድ ያዙ።

ሌላም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከደመወዛችን 7 በመቶ ሲቆረጥ፣ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ሲያዋጣ የነበረው ለጡረታ አበል ነው እንጂ ለሕክምና አይደለም። "ይህን ሁሉ ዘመን ተቆርጦብኝ እንዴት አልታከምም?" ብለው ማህበራዊ ዋስትና ቢሮ ደጃፍ ሲከራከሩ የሚውሉ ወዳጆች አሉኝ። ያሳዝናል፤ ግን ሁለቱ የተለያየ ቋት ነው።

ከሐይቅ ዳር

ሰላም ወንድምዓለም። አባትህ "የገበሬ ነው" ያለው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ2003 ማህበረሰብ አቀፉ ሲሞከር ከአማራ ክልል የተመረጡት ወረዳዎች ሦስት ነበሩ፤ የእኛዋ ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር። ያኔ የገባው ባብዛኛው አርሶ አደሩ ነው። ዛሬ ግን ከተማ ውስጥ ያለ ነጋዴም፣ የቀን ሠራተኛም፣ የጎዳና ቸርቻሪም የመድኑ ደብተር አለው። ወርሃዊ ደመወዝ ለሌለው ሁሉ የተቀረጸ ነው።

ጡረተኛን በተመለከተ፣ ጋሼ እንዳሉት በሕጉ ቦታው ማህበራዊው ውስጥ ነው። ያ ባለመጀመሩ ግን በማህበረሰብ አቀፉ የታቀፉ ጡረተኞች በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ ጋ ይመዘግባሉ፣ ሌላው ጋ ያመላልሱሃል። ስለዚህ ሰው ከሚነግርህ ይልቅ ቀበሌህ ሄደህ "ጡረተኛ ትመዘግባላችሁ ወይ? የትዳር ጓደኛውስ?" ብለህ ራስህ ጠይቅ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በቤተሰብ ደረጃ በዓመት አንዴ ትከፍላለህ። ክፍያው እንደየአካባቢውና እንደ ቤተሰቡ ብዛት ይለያያል፣ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ካለ ተጨማሪ አለው። የቤተሰቡ ፎቶ ያለበት ደብተር ይሰጥሃል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ነው የምትሄደው። እነሱ ካልቻሉ ሪፈር ጽፈው ወደ ሆስፒታል ይልኩሃል። ሪፈር ሳይዙ ሆስፒታል ዘው ማለት አያዋጣም።

መነጽር አይሸፍንም። ሰው ሠራሽ ጥርስም እንዲሁ። ለውበት ተብሎ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናም የለበትም። እናትህ መነጽር የሚያስፈልጋት ከሆነ ያንን ከኪስ ያዙት።

ከቧንቧ ውሃ

ጎረቤታችሁ እውነቱን ነው። እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ። ከፍዬ ደብተሩን አወጣሁ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ ነፃ፣ ምርመራ ነፃ። የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ስደርስ ልጅቷ ማዘዣዬን አየችና "ይሄ የለም፣ ከውጭ ይግዙ" ብላ መለሰችልኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮዬም ያው ነው። ወጥቼ አስፋልቱን ተሻግሬ ከግል ፋርማሲ ገዛሁ። ታዲያ ምኑን ነው የተሸፈንኩት? የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፣ ልጆቹም የሚችሉትን ነው የሚያደርጉት። ግን ለመምህሩ "ግቡ፣ ሁሉ ነገር ይሟላል" ብላችሁ አታሞኙት።

ከሐይቅ ዳር

ማንም ሁሉ ይሟላል አላለም ጋሼ። ግን መድኑን በክኒን ብቻ አይመዝኑት። ባለቤቴ ድንገት ሆዷን አሟት ሪፈር ተጽፎላት ደሴ ተኝታ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። አልጋው፣ ኦፕሬሽኑ፣ እዚያው የተሰጣት መድኃኒት በደብተሩ ነው ያለፈው። ያ ባይኖር ላሜን እሸጥ ነበር። ጡረተኛ ደግሞ መውደቅም መተኛትም የማይቀርለት ዕድሜ ላይ ነው።

ፋርማሲስቷ፣ ኮምቦልቻ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አባቴ ከቧንቧ ውሃ፣ ያሉት እውነት ስለሆነ ልሸፋፍነው አልችልም። መስኮቱ ማዶ ቆሜ "የለም" የምለው እኔም ነኝ። ሽማግሌ ሰው ማዘዣውን አጥፎ ኪሱ ሲከት ማየት ያማል።

ለምን እንደሚጠፋ ልንገራችሁ። ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚገዛው ካለው ገንዘብና መድኑ ላስተናገዳቸው አባላት ከሚመልስለት ክፍያ ነው። ክፍያው ሲዘገይ መደርደሪያው ይሳሳል። አቅራቢው፣ ማለትም የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፣ ደሴ ላይ ቅርንጫፍ አለው። እሱ ጋ የሌለ መድኃኒት ሲኖር ደግሞ ገንዘብ ይዘን ሄደን ባዶ እጃችንን እንመለሳለን።

ለዚህ ነው "መድን ይሻላል ወይስ ከኪስ" የሚለው ጥያቄ እንዲሁ በጥቅሉ የማይመለሰው። መልሱ ያለው አባትህ በሚወስዳቸው ሦስት መድኃኒቶች ውስጥ ነው የመምህሩ ልጅ። ይህን አድርግ። የአባትህንም የእናትህንም መድኃኒት ስምና መጠን በአንድ ወረቀት ጻፍ። ቀበሌያችሁ የሚመድባችሁን ጤና ጣቢያ እወቅ። ሰው በማይበዛበት ከሰዓት ሂድና ፋርማሲውን "እነዚህን በቋሚነት ትይዛላችሁ ወይ? ባለፉት ወራት ጠፍተው ያውቃሉ?" ብለህ ጠይቅ። በትሕትና የጠየቀን ሰው አንመልስም። እኔ ባየሁት አምሎዲፒንና ሜትፎርሚን ጤና ጣቢያ ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። አቶርቫስታቲንና የግላኮማ ጠብታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል ነው የሚፈለጉት። ያ ማለት ሪፈር ያስፈልጋችኋል ማለት ነው።

መድኃኒቱ ከጠፋ ዝም ብላችሁ አትውጡ። ማዘዣው ላይ "የለም" ተብሎ እንዲጻፍና ማኅተም እንዲደረግበት ጠይቁ። አንዳንድ ቦታ መድኑ ከውጭ መድኃኒት ቤት ጋር ውል አለው፣ ወይም ሕጋዊ ደረሰኝ ስታመጡ ገንዘቡን ይመልሳል። ሌላ ቦታ ይህ የለም። ከመመዝገባችሁ በፊት የመድኑን ጽሕፈት ቤት የምትጠይቁት ዋናው ጥያቄ ይሄ ይሁን። "ጤና ጣቢያው ላይ ከጠፋ ምን አደርጋለሁ?" በሉ። ምን ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግም በዚያው ጠይቁ።

ከውጭ ስትገዙ ደግሞ ሐኪሙ በመድኃኒቱ በራሱ ስም እንጂ በፋብሪካ ስም እንዳይጽፍላችሁ አሳስቡት። ኖርቫስክ ማለት አምሎዲፒን ነው። የተመዘገበ ሌላ አምሎዲፒን ውስጡ ያው ነው፣ ዋጋው ግን በጣም ሊለያይ ይችላል። ሰው "ኦርጅናሉን ስጪኝ" ብሎ ውዱን ገዝቶ የወሩ አጋማሽ ላይ ሲያልቅበት ያቋርጣል። ርካሹን ሳያቋርጡ መውሰድ ውዱን እያቋረጡ ከመውሰድ እጅግ ይሻላል። ይህን ለአባትህ በእኔ ስም ንገርልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የሚያሳስበኝ ስለሆነ። ጉልበት ሲያማቸው ዲክሎፌናክ እየገዙ በግፊት መድኃኒት ላይ የሚደርቡ ብዙ አባቶች አሉን። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ። ከዚያ ግፊቱ አልወርድ ይልና ሁለተኛ የግፊት መድኃኒት ይታዘዛል፣ ወጪው በዚያው ይጨምራል። በቤታችሁ ያለውን ክኒን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ለሐኪማችሁ ወይም ለፋርማሲስታችሁ አሳዩ። የማያስፈልግ ካለ ይቀነሳል።

የጨርቃጨርቁ ጡረተኛ፣ ኮምቦልቻ

አላህ ይስጥሽ ልጄ፣ ጥሩ አድርገሽ ገለጽሽው።

እኔ ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ነው የኖርኩት፤ የመንግሥት ልማት ድርጅት ስለነበር ጡረታዬ ከመንግሥት ሠራተኛ እኩል ነው። ኢንሱሊን ነው የምወጋው። ስለ ኢንሱሊን ያልተነሣ ነገር አለ። መግዛቱ አንድ ነገር ነው፣ ማቆየቱ ሌላ። ከደሴ ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ አየሩ ሌላ ነው። ደሴ ያለ ሰው ቤቱ ራሱ ቀዝቃዛ ነው፤ እኛ ግን በሚያዝያና በግንቦት ቤቱ እንደ ምጣድ ይግላል። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው መቀመጥ ያለበት። ማቀዝቀዣ አለኝ፣ መብራት ግን ይሄዳል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ትልቅ የሸክላ ገንቦ ውስጥ አሸዋ አድርጌ አሸዋውን አርሳለሁ። መሐሉ ላይ ትንሽ ክዳን ያላት ሸክላ እቀብራለሁ። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልዬ በውስጧ አስቀምጣለሁ። ጠዋትና ማታ አሸዋው ላይ ውኃ አፈሳለሁ። በጥላና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሲሆን ደህና ያቀዘቅዛል። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ግን አይሠራም፤ ማቀዝቀዣ ያላችሁም በረዶ ቤቱ አጠገብ አታስጠጉት።

ይህን የምለው ለምንድን ነው? በመድን ሦስት ወር የሚሆን ቢሰጡህ እንኳ የምታቆይበት ከሌለህ ገንዘብህ በሙቀት ይቀልጣል። ሲሰጡህ ማቆየት የምትችለውን ያህል ተቀበል።

ደግሞ አንድ ወር የሚያሻግር መጠባበቂያ ይኑራችሁ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ጤና ተቋማቱ ተዘረፉ፣ ፋርማሲዎቹም ተዘጉ። ስኳር ያለብን ሰዎች ያየነውን አላህ አያሳያችሁ። ገንዘብ ኖሮህ የምትገዛበት የለም። መጠባበቂያ ያስቀመጠ ሰው ነው ያን ጊዜ የተረፈው።

ፋርማሲስቷ፣ ኮምቦልቻ

ጋሼ፣ የገንቦው ዘዴ ትክክል ነው፤ ለብዙ ሰው እመክረዋለሁ። አንዴ የተከፈተው ብልቃጥ ማቀዝቀዣ ባያገኝም ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ እስከ አራት ሳምንት ገደማ ያገለግላል። የከፈቱበትን ቀን በስክሪፕቶ ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። መጠባበቂያ ስታስቀምጡ ደግሞ አሮጌውን አስቀድማችሁ ጨርሱ፣ አዲሱን ከኋላ አድርጉ። ጊዜው ያለፈበት መጠባበቂያ እንደሌለ ይቆጠራል።

ዘይነብ ከአራዳ

የመምህሩ ልጅ፣ ስለ ጅዳው ልንገርህ፣ የእኛም ቤት በዚያ ስላለፈ።

እህቴ ሪያድ ናት። ለእናቴ የግፊት መድኃኒት በሚመለስ ሰው ሻንጣ ትልክ ነበር። ካርቶኑ የሚያምር ነው። ጽሑፉ ግን ዐረብኛና እንግሊዝኛ ነው፣ እናቴ አታነብም። እዚህ ስትወስድ የነበረው 5 ሚሊግራም ነበር፤ የተላከው 10 ሆኖ ተገኘ። ቀለሙም ቅርጹም ሌላ ስለሆነ ያው መድኃኒት መሆኑን ስላላወቀች የድሮውን አላቆመችም። ሁለቱንም ትውጥ ጀመር። አንድ ቀን ከሰላት ስትነሣ አዞራት። ያገኘነው ፌስታሉን ፋርማሲ ወስደን ባሳየነው ቀን ነው።

ሻንጣ የሚይዝ ሰው ሲጠፋ ደግሞ መድኃኒቱ ይዘገያል። እናቴ "ይመጣል" ብላ እየጠበቀች እዚህ መግዛት ትተዋለች። ከዚያ በኋላ እህቴ መድኃኒቱን ትታ ገንዘቡን ነው የምትልከው። በዚያ ገንዘብ ከአንድ ፋርማሲ፣ አንድ ዓይነት፣ በየወሩ በአንድ ቀን እንገዛለን። ፋርማሲውም አወቀን፤ ሊያልቅበት ሲል "አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ኑ" ይለናል። እህትህን አታስቀይማት፣ አላህ ይጠብቃት። ግን ክኒኑን ሳይሆን ብሩን ትላክ።

የሸዋ በር ልጅ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለአገሬ ልጆች። እዚህ ሆኜ ሳነብ ልቤ እዚያው ነው።

የእኔ አጎት እዚህ ለአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። እዚህ ጡረተኛው የመንግሥት ሠራተኛ መድኑን ይዞ እንዲወጣ፣ ከጡረታው በፊት ባሉት አምስት ዓመታት በመድኑ ውስጥ የነበረ መሆን አለበት። ከ65 ዓመት በኋላ ሜዲኬር የሚሉት የመንግሥት ጤና መድን አለ። የመድኃኒቱ ክፍል፣ ክፍል ዲ የሚሉት፣ ከ2006 ጀምሮ ነው የሚሠራው። በ2025 አንድ ሰው በዓመት ከኪሱ የሚያወጣው የመድኃኒት ክፍያ በ2,000 ዶላር ላይ እንዲቆም ተደርጓል። ኢንሱሊንም በወር ከ35 ዶላር አይበልጥም። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ይህን ያመጣሁት ለማወዳደር አይደለም፤ አቅሙ አይገናኝም። እኅታችን ፋርማሲስቷ ያለችውን ለማጠናከር ነው። እዚህም እያንዳንዱ መድን የሚሸፍናቸው መድኃኒቶች ዝርዝር አለው፣ ዝርዝሩም በየዓመቱ ይቀየራል። አጎቴ በየዓመቱ መኸር ላይ የሚያደርገው ያንኑ ነው። የሚወስዳቸውን ክኒኖች ወረቀት ላይ ጽፎ ከዝርዝሩ ጋር አንድ በአንድ ያስተያያል። ወርሃዊ ክፍያው ርካሽ ሆኖ የእሱን መድኃኒት የማይሸፍን መድን አለ። ውድ ሆኖም የሚያዋጣው አለ። አባትህም ያንኑ ወረቀት ይዞ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ከቧንቧ ውሃ

የግል መድን ኩባንያዎችስ? አንድ ወዳጄ "ከእነሱ ግዛ" ብሎኝ ነበር።

ጡረተኛው ከሸዋ በር

የሕክምና መድን ባብዛኛው ለድርጅት ሠራተኞች በቡድን ነው የሚሸጡት። ለብቻህ፣ በእኛ ዕድሜ፣ ቀድሞ ስኳርና ግፊት ኖሮብህ ስትሄድ ወይ የዕድሜ ገደብ ያነሡብሃል፣ ወይ ያለብህን በሽታ ከውሉ ያወጡታል፣ ወይ ክፍያው ከአበልህ ጋር አይመጣጠንም። መጠየቅ አይከፋም። ስትጠይቅ ግን "ቀድሞ ያለብኝን በሽታ መድኃኒት ትሸፍናላችሁ?" በል። መልሱን ከአፍ ሳይሆን ከውሉ ላይ አንብብ።

የቅሬ ጸሐፊ፣ ሰኞ ገበያ

አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ።

እኛ ቅሬ ውስጥ የተነሣ ሐሳብ አለ፣ ለሌላውም ሊጠቅም ይችላል ብዬ ነው። አባላቶቻችን ውስጥ ባሎቻቸው የመንግሥት ሠራተኛ የነበሩ፣ የትዳር ጓደኛ አበል የሚያገኙ እናቶች አሉ። አበሉ ትንሽ ነው። የመድኑ ክፍያ በአንድ ጊዜ ስለሚጠየቅ የምዝገባው ወቅት ላይ አይኖራቸውም። ወቅቱ ሲያልፍ ደግሞ እስከሚቀጥለው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ቅሬው ክፍያቸውን በአንዴ ከፍሎላቸው በየወሩ ከወር መዋጮ ጋር ጥቂት ጥቂት እንዲመልሱ ተስማማን። ቅሬ ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ብቻ አይደለም። በሕይወት ያለችውን እናት መድኃኒቷን እንዳታጣ ብናደርጋት የበለጠ ሥራ ነው። እዚህ ያላችሁ የቅሬና የእድር ዳኞች በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንሡት።

በጣም ለተቸገረ ደግሞ ከክፍያ ነፃ የሚሆንበት መንገድ አለ፤ የሚመረጠው በቀበሌ ነው። የመክፈል አቅም የሌላት እናት ካለች ዝም አትበሉ፣ ስሟ እንዲነሣ አድርጉ።

ከሐይቅ ዳር

እኔም አንድ ነገር አስታወስኩ። የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤችአይቪና የወባ መድኃኒት በመንግሥት ተቋም ለማንም ሰው በነፃ ነው፣ መድን ኖረውም አልኖረውም። ለእነዚህ ገንዘብ ከፍሎ ከውጭ የሚገዛ ሽማግሌ አይቻለሁና ይታወቅ።

የመምህሩ ልጅ፣ ደሴ ሆጤ

ወገኖቼ፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ወረቀቱን ጽፌ ከአባቴ ጋር ሄድን። መጀመሪያ አልሄድም ብሎ ነበር። የፋርማሲስቷን መልእክት ሳነብለት ግን ዝም ብሎ ኮቱን ለበሰ።

ጤና ጣቢያው ላይ ሜትፎርሚኑም አምሎዲፒኑም አለ። ሜትፎርሚን ባለፈው ክረምት ጠፍቶ እንደነበር ፋርማሲስቱ በግልጽ ነገረን፣ አከበርኩት። አቶርቫስታቲን እነሱ ጋ የለም፤ በሪፈር ሆስፒታል ነው። ቀበሌ ደግሞ ጡረተኛ ከነባለቤቱ ይመዘገባል ብለውናል፤ የጡረታ ደብተሩን ሲያወጣ ኮፒ ይዞ እንዲመጣ ነው የጠየቁት። ለጠፋ መድኃኒት ገንዘብ መመለስን በተመለከተ የመድኑ ባለሙያ ማዘዣው ላይ ማኅተም፣ ደረሰኝና የመድን ደብተሩ ኮፒ ያስፈልጋል ብሎናል።

ስለዚህ እንመዘገባለን። አቶርቫስታቲኑን ሪፈሩ እስኪስተካከል እህቴ በምትልከው ብር ከአንድ ፋርማሲ እንገዛለን። አባቴ ለጉልበቱ ዲክሎፌናክ ይገዛ እንደነበርም በዚያው ታወቀ። ነገ ለሐኪሙ እናሳየዋለን።

የቀረኝ የእናቴ ጠብታ ነው። ቲሞሎል ይላል። ጤና ጣቢያው ጨርሶ አይዝም። ምን ላድርግ?

ፋርማሲስቷ፣ ኮምቦልቻ

እሰይ! መምህሩን በጣም አመስግንልኝ።

ቲሞሎል መድኃኒት እንጂ መነጽር ስላልሆነ፣ በሪፈር ዓይን ክፍል ባለበት ሆስፒታል ከታዘዘላት በመድኑ የማግኘት ዕድል አላት። ደሴ ላላችሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብ ነው፣ የዓይን ሕክምናም ይሰጣል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያችሁ ሪፈር ይጻፍላት። ክትትሏ እዚያ ከሆነ በየቀጠሮዋ ጠብታውን ትጠይቅ። ከሌለ "የለም" የሚለውን ማኅተም ይዛ ትውጣ።

አስም አለባት ወይ? ካለባት ለሐኪሙ ዛሬውኑ ይነገር፤ ቲሞሎል አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ከሌለባት ደግሞ አንድ ጠብታ ብቻ ትጨምር። ሁለትና ሦስት ማንጠባጠብ ጥቅም የለውም፣ ጠርሙሱን ነው የሚጨርሰው። ጨምራ ዓይኗን ትክደን፣ ከአፍንጫዋ አጠገብ ያለውን የዓይኗን ጥግ በጣቷ ጫን አድርጋ አንድ ሁለት ደቂቃ ትያዝ። መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ ይቀራል፣ ወደ ሰውነት የሚገባው ይቀንሳል።

የመምህሩ ልጅ፣ ደሴ ሆጤ

አስም የለባትም፣ ተመስገን። ግን ሁለት ሁለት ጠብታ ነው ስትጨምር የኖረችው። ለካ ለዚህ ነው ወሩ ሳይሞላ የሚያልቀው። ዛሬ ማታ አሳያታለሁ።

ጡረተኛው ከሸዋ በር

ልጄ፣ አባትህ ሰኔ ላይ ነው የሚወጣው፤ የመድኑ ምዝገባ ግን በራሱ ወቅት ነው የሚከፈተው። መሐል ላይ ያለ መድን የምትቆዩባቸው ወራት ሊኖሩ ይችላሉ። የእነዚያን ወራት መድኃኒት ከአሁኑ ደመወዝ ላይ ትንሽ ትንሽ ቀንሳችሁ አስቀምጡ። ገንዘቡን ስትከፍሉ ደግሞ አገልግሎቱ ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር ጠይቁ፣ የከፈላችሁበት ቀን ላይሆን ይችላል። ቀበሌው የምዝገባውን ማስታወቂያ ሲለጥፍ ፎቶ አንሥተህ እዚህ አስቀምጥልን፤ እኔም ሳይመዘገቡ የቀሩ ሦስት ጓደኞች አሉኝ፣ ይዤያቸው እሄዳለሁ።